የድንጋይ ትኬት

ረቡዕ ጠዋት፣ ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ፣ ስንዱ ወረፋ እንዲይዝላት ያስቀመጠችው ድንጋይ ለመንበረ ላቀው የመጨረሻ ኮንሰርት ትኬት ተቆረጠለት። ድንጋዩ ጥቁር ነው። መጠኑ አንድ ዳቦ ያህላል፤ በአንድ ጎኑ የኖራ ነጠብጣብ አለበት። ስንዱ ያነሳችው ከትኬት መሸጫው ማዶ ከሚቆፈረው የውሃ ቦይ ዳር ነው። ከዚያ በፊት ተያይተው አያውቁም።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ስንዱ ጎህ ሲቀድ መጥታ አሥራ አራተኛ ሆና ቆመች። ሁለት ሰዓት ተኩል ሲል አንዲት ሴት ከመሸጫው መስኮት አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ መታወቂያ ላልያዘ ሰው ትኬት አይሸጥም ብላ ተመልሳ ገባች። ይህን ጎህ ሲቀድ መናገር ትችል ነበር፤ አልተናገረችም። የስንዱ መታወቂያ ደግሞ ያለው ሽሮ ሜዳ፣ የተማሪ ዩኒፎርም በምትሰፋበት ሱቅ፣ መሳቢያ ውስጥ ነው። ስለዚህ ስንዱ በዚህ ከተማ ማንም ሰው የሚያደርገውን አደረገች። ድንጋይ ፈልጋ በቆመችበት ቦታ አስቀመጠች። ብሩን ከኋላዋ ለቆሙት ለጋሽ ወንድይራድ ሰጠችና፣ "ይቺ ድንጋይ የኔ ናት፤ ተራዬ ከደረሰ እንዳያልፈኝ አደራ" ብላ ታክሲ ያዘች።

ጋሽ ወንድይራድ ጡረታ የወጡ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ናቸው። እሳቸውና ስንዱ በየዓመቱ በመንበረ ላቀው ወረፋ ላይ ይገናኛሉ። ከወረፋው ውጪ ግን አንዱ የሌላውን ቤት አያውቅም።

ስንዱ መታወቂያዋን ይዛ እያለከለከች ስትመለስ፣ ጋሽ ወንድይራድ ከመሸጫው ደጃፍ ላይ ቆመው ይጠብቋታል። በአንድ እጃቸው ድንጋዩን፣ በሌላው እጃቸው ወረቀት ይዘዋል።

"ተቆርጦልሻል" አሏት።

"እግዜር ይስጥልኝ! ያለ መታወቂያ እሺ አሉ?"

"ላንቺ አይደለም የተቆረጠው። ለሱ ነው።" ድንጋዩን ከፍ አድርገው አሳዩዋት።

ስንዱ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበች። ስም፣ ድንጋይ። መልክ፣ ጥቁር። ብዛት፣ አንድ። ከሥሩ ማኅተም አለው።

"ጋሽ ወንድይራድ፣ ምን ነካዎት?"

"ምን ላድርግ? ልክ ሦስት ሰዓት ሲሆን የሰው ዋጋ ጨመረ። አንቺ የሰጠሽኝ ሁለት ሺህ ብር ነው፤ የሰው ስድስት ሺህ ገባ። ልጅቷን በሁለት ሺህ ምን አለሽ ብላት የድንጋይ አለ አለችኝ። ተራሽ ደርሷል፤ ከኋላ ያለው ሕዝብ ይገፋል። በከንቱ ከሚያልፍሽ ብዬ ቆረጥኩት።"

"ለራስዎስ?"

"እኔም የድንጋይ ነው የቆረጥኩት። ድንጋዩን ቤት ሄጄ እመርጣለሁ።"

ስንዱ ተናደደች። እውነቱን ለመናገር የተናደደችው በጋሽ ወንድይራድ አልነበረም፤ ሰውየው ተራ እንዳያልፍ ያደረጉት ነው፣ ተራ ደግሞ በቀላሉ የሚጣል ነገር አይደለም። ያናደዳት ዋጋው ነው። ከዘጠኝ ዓመት በፊት በመቶ ሃምሳ ብር ገብታለች። ከዚያ ጄኔሬተር ተከራይተናል ተባለና ጨመረ። ከዚያ ድምፅ ማጉያው ከውጭ መጣ ተባለ። ከዚያ ዶላር። ባለፈው ዓመት የጨመረው መኪና ማቆሚያው ስለሰፋ ነው፤ ስንዱ ደግሞ በእግሯ ነው የመጣችው። በየዓመቱ ከዩኒፎርሙ ላይ ትንሽ ትንሽ እያስቀረች፣ በየዓመቱ ልክ ሞላልኝ ስትል ዋጋው አንድ እርምጃ ከፊቷ ፈቀቅ ይላል። ዘንድሮ ግን ፈቀቅ አላለም፤ ጥሏት ሮጠ።

እንዳትተወው ደግሞ መተው የማትችለው ነገር አለ። ባሏ ክንፈ የመንበረ ባንድ ትራምፔት ተጫዋች ነበር። ሁልጊዜ ሦስተኛ ሆኖ በሚዘፈነው ዘፈን መሀል፣ መንበረ ከማይክሮፎኑ ፈቀቅ ትልና ክንፈ ብቻውን የሚነፋት አንዲት አጭር ዜማ ነበረች። ራሱ የፈጠራት ናት። ካሴቱ ሲታተም ዘፈኑ ረዘመ ተብሎ እሷን ቆረጧት፤ ስለዚህ የትም የለችም። ክንፈ ከሞተ ጀምሮ ግን መንበረ እዚያ ቦታ ላይ ስትደርስ አፏን ገጥማ ያችን ዜማ ታንጎራጉራታለች። መሀል ላይ ክንፈ ትንፋሽ የሚያጥረው ቦታ ነበር፤ ሲጋራ ያጨስ ስለነበር። መንበረ ያችንም ትንፋሽ እዚያው ቦታ ላይ ትስባታለች። ስንዱ በዓመት አንድ ቀን ሄዳ የምትሰማው ያችን ትንፋሽ ነው። ስትሰማት ታለቅሳለች፤ ከዚያ ዓመቱን ትችለዋለች። ባለፈው ዓመት በስልኳ ልትቀዳት ሞክራ ነበር። የተቀዳው አጠገቧ የቆመ ሰውዬ ወንድሙን ሲጣራ ነው።

አሁን መንበረ ስልሳ ሰባት ዓመቷ ነው። ከዘንድሮ በኋላ መድረክ ላይ አልወጣም ብላለች።

ስንዱ ወደ መስኮቱ ሄደች።

"እህቴ፣ ይህ ትኬት በስህተት በድንጋይ ስም ተቆርጧል። በኔ አድርጊልኝ።"

ትኬት ቆራጯ ወረቀቱን፣ ቀጥሎ ድንጋዩን፣ ቀጥሎ ስንዱን አየች። "ስህተት የለውም። እሱ ነው ሰልፉ ላይ የነበረው" አለቻት። "ስም ለማስቀየር አምስተኛ ፎቅ ውጪ።"

አምስተኛ ፎቅ ላይ የኮንሰርቱ አዘጋጅ ቢሮ አለ። አዘጋጁ አቶ ናሁሰናይ ይባላል፤ ትሁት ሰው ነው፣ ሰው ሲገባ ከወንበሩ ይነሳል። ስንዱን ወንበር ጋበዛት። ድንጋዩን የት እንደምታደርገው ስትቸገር አይቶ ለእሱም ወንበር ሳበለት።

"አቶ ናሁሰናይ፣ መቼም ድንጋይ ዘፈን አይሰማም" አለች ስንዱ።

"ስለሱ ምንም ቅሬታ ደርሶን አያውቅም።"

"ታዲያ ለምን ይሸጥለታል? ያውም በርካሽ!"

"እመቤቴ፣ ድንጋይ ሽንት ቤት አይጠይቅም። ወንበር አይሰብርም። ውሃ በጃኬቱ ደብቆ አይገባም። ዘፋኟን ካልሳምኩ ብሎ መድረክ ላይ አይወጣም። በሰው ላይ የምናወጣውን ወጪ ድንጋይ ላይ አናወጣም። ይህን ለደንበኛው ነው የመለስንለት። አራት መቶ ድንጋይ ሸጠናል።"

"ያጨበጭብላችኋል?"

"ጭብጨባውን በድምፅ ማጉያ እንለቀዋለን።"

ስንዱ ወንበሯን ወደ ጠረጴዛው ሳበች። "እሺ፣ ልዩነቱን ከፍዬ ወደ ሰው ላሳድገው። አራት ሺህ ብር ነው አይደል? ከዕቁብ እበደራለሁ" አለች።

አቶ ናሁሰናይ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ ገልበጥ አድርጎ አየ። "አራት ሺህ ጠዋት ነበር። አሁን ሰባት ሺህ ነው።"

"አሁን? እዚህ ተቀምጬ?"

"ፈላጊ በዝቷል።"

"ማነው ፈላጊው?"

"እርስዎ መጥተው ጠየቁ።"

"እግዚኦ! ስለጠየቅኩ ነው የጨመረው?"

"ስምንት ሺህ ሆነ" አለ አቶ ናሁሰናይ፣ እያዘነ። የእውነት ማዘኑ ፊቱ ላይ ይታይ ነበር፤ ይህ ደግሞ ስንዱን የበለጠ አንገበገባት። ሰው ሲበድልህ ቢያንስ ክፉ ፊት ሊያሳይህ ይገባል።

ከዚህ በኋላ ስንዱ ጥያቄ መጠየቅ ፈራች። እጇን አጣጥፋ ተቀመጠች። ከጎኗ ድንጋዩ ተቀምጧል፤ እሱ ምንም አልጠየቀም፣ የእሱም ዋጋ ምንም አልጨመረም። ስንዱ አየችው። ረጅም ጊዜ አየችው።

"በዚሁ ትኬት ልግባ" አለች በመጨረሻ። "በሱ ቦታ። እንደ ድንጋይ።"

አቶ ናሁሰናይ አልገረመውም። መሳቢያውን ስቦ አንድ ወረቀት አወጣና በጣቱ እየተከተለ አነበበ። "ይቻላል። ትኬቱ ድንጋይ ይላል እንጂ የትኛው ድንጋይ አይልም። በር ላይ ምርመራ አለ። ምርመራውን ካለፉ ይገባሉ።"

"ምንድን ነው ምርመራው?"

"ድንጋይ መሆንዎ ይታያል። ለምሳሌ አሁን እየተናገሩ ነው።"

ስንዱ ዝም አለች። ድንጋዩን አንስታ፣ እጅ ነስታ ወጣች። እስከ ምድር ቤት ድረስ በየደረጃው ላይ በልቧ ተራገመች፤ ከአፏ ግን አንድ ቃል አልወጣም። ልምምዱን የጀመረችው እዚያ ደረጃ ላይ ነው ማለት ይቻላል።

ኮንሰርቱ አሥር ቀን ቀርቶታል። ስንዱ ሱቁን በጊዜ እየዘጋች ቤቷ ትገባና፣ ድንጋዩን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ፣ ከፊት ለፊቱ ቁጢጥ ብላ ትመለከተዋለች። በመጀመሪያው ቀን አሥራ ሁለት ደቂቃ ቻለች፤ ከዚያ አፍንጫዋን በላት። በሁለተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ደዋይዋ ሦስት ደርዘን ሸሚዝ ያዘዘች የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበረች፤ አንገትጌው ጠበበ ብላ አምስት ደቂቃ ተቆጣቻት። ስንዱ ስልኩን ስትዘጋ ንዴቱ እስከ ጆሮዋ ደርሶ ነበር፤ ድንጋይ ለመሆን ደግሞ ንዴት አይሆንም፣ ያሞቃል። ስለዚህ በሦስተኛው ቀን ንዴቷን ወደ ታች መጫን ጀመረች። የዋጋውን ነገር፣ የአምስተኛ ፎቁን ነገር፣ የመኪና ማቆሚያውን ነገር አንድ በአንድ እያነሳች ትጫነዋለች። ከሆዷ በታች ሲደርስ ይቀዘቅዛል። ይህ መንገድ ሠራ።

በስድስተኛው ቀን አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀመጠች። በሰባተኛው ቀን የጎረቤት ድመት በመስኮት ገብታ፣ ጭኗ ላይ ወጥታ፣ ቀዝቃዛ ሆኖባት ወረደች።

በዘጠነኛው ቀን ጎረቤቷ ተናኘ መጣች። ተናኘ ሳታንኳኳ የምትገባ ሴት ናት።

"ስንዱዬ! አለሽ? ስንዱ!"

ስንዱ ከፊት ለፊቷ ተቀምጣለች። ተናኘ ግራ ቀኝ አየች። ጓዳውንም አየች። "የት ሄዳ ነው በሯን ከፍታ፣ ሌባ ቢገባስ" እያለች ብቻዋን አጉረመረመች። በእጇ የሽንኩርት ቢላዋ ይዛለች። ልትወጣ ዞር ስትል ስንዱን ልብ ብላ አየቻት፤ ቀረብ አለችና ቢላዋውን ጉልበቷ ላይ ፋቅ ፋቅ አድርጋ በሁለቱም በኩል ሳለችው። ስለቱን በአውራ ጣቷ ሞክራ፣ ረክታ ሄደች።

ስንዱ ጉልበቷን አየች። ጭረት አለበት፤ ደም የለውም። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደምትገባ እርግጠኛ ሆነች፤ በጣም ደስ ሊላት ሲገባ ደህና ነው ብላ ዝም አለች።

ኮንሰርቱ ቅዳሜ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነበር። አዳራሹ ማታ ማታ ኪራዩ እጥፍ ስለሚሆን ነው ተብሏል፤ ያው ትኬቱ ግን የማታ ዋጋ ነው። ጋሽ ወንድይራድ በስልክ በተቀጣጠሩት መሠረት የእጅ ጋሪ ከነገፊው ተከራይተው ስንዱ ቤት መጡ። ጋሪው ላይ የራሳቸው ድንጋይ አለ፤ ነጣ ያለ፣ ጀርባው የተላገ፣ የአንድ ትራስ ያህል ሰፊ ነው።

"የልብስ ማጠቢያችን ነው" አሉ። "ባለቤቴ አልጣሽ ሠላሳ አንድ ዓመት አጥባበታለች። ስታጥብ የመንበረን ዘፈን ነበር የምትዘፍነው፤ ድምፅ ግን አልነበራትም፣ ነፍሷን ይማረውና። እኔ እንኳ ጆሮዬም ደክሟል። እሱ ይስማላት።"

"ሰምቶ ምን ሊያደርግልዎት ነው?"

"ምን ያደርግልኛል? ይመለሳል፣ ቦታው ላይ አስቀምጠዋለሁ።"

ስንዱ ለእኚህ ሰው አንዳንዴ ታዝንላቸው ነበር። ዛሬ ለማዘን ጊዜ የላትም። ጥቁሩን ድንጋይ እግሯ ሥር አድርጋ ጋሪው ላይ ቁጢጥ አለችና፣ ያለፈውን አሥር ቀን እንደተለማመደችው ንዴቷን አንድ በአንድ አንስታ ወደ ታች ተጫነችው። ሽሮ ሜዳን ሳያልፉ ተጭኖ አለቀ። መንገድ ላይ አንድ ጫኝ፣ "አባት፣ ድንጋዩ ለመሠረት ነው? ስንት ይላሉ?" ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ወንድይራድ አይሸጥም አሉት።

አዳራሹ በር ላይ ሁለት ሰልፍ ነበር። የሰው ሰልፍ አጭር ነው፤ ሰባት ስምንት ሰው ቢሆን ነው፣ ሁሉም ከመኪና የወረዱ ናቸው። የድንጋይ ሰልፍ እስከ አስፋልቱ ይደርሳል። ባለቤቶቹ ድንጋያቸውን አቅፈው ቆመዋል። አንዳንዱ ድንጋዩን አጥቦታል። አንዲት ሴት ለድንጋይዋ ነጠላ አልብሳለች፤ ጠባቂው ነጠላው ትኬት የለውም ብሎ አስወለቃት።

ተራው ሲደርስ ጋሽ ወንድይራድ፣ "ሁለት ድንጋይ" አሉ።

ጠባቂው ነጩን በጣቱ አንኳኳው። አሳለፈው። ወደ ስንዱ ዞረ። ግንባሯን አንኳኳ፣ ትከሻዋን አንኳኳ። ባትሪ አብርቶ ዓይኗ ውስጥ አየ። ከዚያ መስፈርቱ የተጻፈበትን ወረቀት አገላበጠ።

"ይሄ ትልቅ ነው" አለ።

"መጠን አልተጻፈም" አሉ ጋሽ ወንድይራድ።

"ትኬቱ ጥቁር ይላል። ይሄ ጠይም ነው።"

"ፀሐይ ላይ ስለሆነ ነው። ጥላ ውስጥ ይጠቁራል።"

ጠባቂው ትንሽ አሰበና ማኅተም መታ። ማኅተሙን የመታው በስንዱ እጅ ጀርባ ላይ ነው። "ከዚህ ወዲያ ባለቤት አይገባም" አለ። ጋሪው ቁልቁለት ላይ ቆሞ ወደ ኋላ መንሸራተት ጀምሮ ነበር፤ ጋሽ ወንድይራድ ጥቁሩን ድንጋይ፣ ትኬቱ በስሙ የተቆረጠለትን፣ አንስተው ጎማው ሥር አደረጉት። ድንጋዩ አልተቃወመም።

ስንዱን ሁለት ጫኞች አንጠልጥለው አስገቧት። ከኋላ፣ ከግድግዳው አጠገብ፣ ነጩ ድንጋይ ጎን አስቀመጧት። አንደኛው እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ "ይቺስ ገደለችኝ" አለ።

አዳራሹ ፊት ለፊት ሶፋዎች አሉት። ሶፋዎቹ ላይ የተቀመጡት ሰዎች ናቸው፤ ከፊታቸው በበረዶ የተከበበ ጠርሙስ አለ። ስለ አንድ ቦታ ካሬ ዋጋ ይነጋገራሉ። ከሶፋዎቹ ኋላ ስድስት መቶ የሚሆን የፕላስቲክ ወንበር በረድፍ ተደርድሯል፤ አንድም ሰው የለበትም፣ የተራ ሰው ቦታ ነው። ከወንበሮቹ ኋላ ድንጋዮች ናቸው። ስንዱ ይህን ሁሉ ያየችው አንገቷን ሳታዞር ነው። ድሮ ቢሆን ስድስት መቶ ባዶ ወንበር ስታይ ደሟ ይፈላ ነበር። አሁን ቆጠረቻቸው፣ ተወቻቸው።

መንበረ ላቀው ወጣች። ነጭ ቀሚስ ለብሳለች፤ አንድ ወጣት ክራር ተጫዋች እጇን ይዞ ደረጃውን አስወጣት። ዓይኗ ደክሟል። ከመብራቱ ባሻገር ወዳለው ጨለማ፣ ወደ ኋላ፣ እጇን ግንባሯ ላይ ጋርዳ አየች።

"ውይ፣ ስንት ሰው መጥቷል!" አለች። "ደግሞ እንዴት ጨዋ ናችሁ ዛሬ!"

በድምፅ ማጉያው ጭብጨባ ተለቀቀ።

የመጀመሪያውን ዘፈን ዘፈነች። ሁለተኛውን ዘፈነች። ድምፅዋ ሳስቷል፤ ግን ሳስቶም ቢሆን ያው ድምፅ ነው፣ አንዱም ቦታ ላይ አልሳተም። ሶፋ ላይ ያለ አንድ ሰው እጁን አንስቶ ጨመረ ጨመረ እያለ ስልክ ያወራል። ከዚያ ሦስተኛው ዘፈን ተጀመረ።

ስንዱ ጠበቀች። አንደኛው ስንኝ አለፈ፣ ሁለተኛው አለፈ። ባንዱ ቀስ እያለ ዝም አለ። መንበረ ከማይክሮፎኑ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ ክንፈ ሊነፋ ሲል ትሄድ እንደነበረው። ዓይኗን ጨፈነች፣ አፏን ገጠመችና ጀመረች።

ዜማው ከታች ተነሳ። ሦስት ደረጃ ወጣ። አራተኛው ላይ ትንሽ ተንገዳገደ፣ ክንፈ ያንገዳግደው እንደነበረው። ከዚያ ያ ቦታ መጣ። መንበረ ቆመች። አየር ሳበች። ጉሮሮዋ ውስጥ ያችው ትንሽ ሲር የምትል ነገር ተሰማች፣ የሲጋራ ትንፋሽ፣ ጠዋት ጠዋት አልጋው ዳር ተቀምጦ ጫማውን ሲያስር የሚስባት ትንፋሽ። ከዚያ ዜማው ቀጠለ፣ ወረደ፣ አለቀ።

ስንዱ አንዱንም አልሳተችም። እንዲህ ጥርት አድርጋ ሰምታው አታውቅም፤ በየዓመቱ ልቅሶው ጆሮዋን ይዘጋባት ነበር። ትንፋሿ አንድ ሰከንድ ያህል እንደምትፈጅ እንኳ አወቀች። ከዚያ የሚመጣውን ጠበቀች። አልመጣም። ከሆዷ በታች የተጫነው ነገር ሁሉ እንደተጫነ ነው። ክንፈን አስታወሰች፤ መልኩ መጣላት፣ የሸሚዙ ቁጥር መጣላት፣ አንገቱ አርባ ሁለት ነበር። ጥሩ ዜማ ነው ብላ አሰበች። በሰው ልብስ ላይ ጥሩ ስፌት ስታይ የምታስበውን ያህል አሰበች።

ድጋሚ ሞከረች። የሞተበትን ቀን አነሳች። ቀኑ ሐሙስ ነበር። ሐሙስ መሆኑን ታውቃለች።

ልትነሳ ፈለገች። ጩኸት ብትጮህ፣ ዋጋውን ብትረግም፣ አምስተኛ ፎቅ ድረስ የሚሰማ ስድብ ብትሳደብ ምናልባት ይላቀቅ ነበር። ንዴቱን ፈለገችው። የት እንዳስቀመጠችው ታውቃለች፣ እጇ ግን አይደርስም፤ እጇ ጉልበቷ ላይ ነው፣ ጉልበቷ ጭረት አለበት።

መንበረ ከዜማው በኋላ ወዲያው አልዘፈነችም። ራሷን ዘንበል አድርጋ ወደ ኋላ አዳመጠች። ከአዳራሹ መጨረሻ ድምፅ ይመጣል። ድምፁ ትንሽ ነው፤ የሚንጠባጠብ ነገር ድምፅ ነው።

ነጩ ድንጋይ ረጥቧል። የተላገው ጀርባው ላይ ውሃው ጤዛ መስሎ ወጣ፣ ተጠራቀመ፣ በጎኑ ወረደ። ከእሱ ቀጥሎ ያለውም ረጥቧል። ከዚያ ቀጥሎ ያለውም። አራት መቶው ድንጋይ ባለበት ተቀምጦ፣ ሳይነቃነቅ፣ ውሃ ያፈሳል። ውሃው ተሰባስቦ በፕላስቲክ ወንበሮቹ እግር መሀል ቀጭን ሆኖ ወደ ፊት ሄደ። ሶፋዎቹ ሥር ሲደርስ ሰዎቹ ጫማቸውን ከፍ ከፍ አደረጉ፤ ወሬያቸውን አላቋረጡም። መንበረ ፈገግ ብላ ሦስተኛውን ስንኝ ጀመረች።

አቶ ናሁሰናይ ጎንበስ ብሎ በግድግዳው ጥግ መጣና ለጽዳት ሠራተኛው ምልክት ሰጠው። ሠራተኛው ባልዲና መወልወያ ይዞ ከኋላ ጀመረ። ይወለውላል፣ ይጨምቃል፣ ይወለውላል። ስንዱ አጠገብ ሲደርስ ባልዲው ሞልቶ ነበር። ወለሉ ላይ እንዳያስቀምጠው ውሃ ነው፤ ድንጋዮቹ ላይ እንዳያስቀምጠው ሁሉም እርጥብ ናቸው፣ ያንሸራትታሉ። ባልዲውን እንዳንጠለጠለ ደረቅ ቦታ ሲፈልግ ቆየ። ከዚያ ስንዱን አየ። በመዳፉ ዳበሳት፣ ደረቅ መሆኗን አረጋገጠ፣ ባልዲውን ራሷ ላይ አስቀመጠና ሥራውን ቀጠለ።